ጥቁሩ ወይንና የእናቴ ጋኖች

ጋኖቹ የእናቴ ነበሩ። ስዳር የሰጠችኝ እነሱን ነው፤ አምስት ትልልቅ ጋን፣ ሁለት ሰው ካልሆነ የማያነሳቸው። እኔና ባለቤቴ ጌታን ስንቀበል ጠላ መጥመቅ ተውን። በአካባቢያችን ያመነ ሁሉ ትቶ ስለነበር ጋን ማለት በየጓሮው የተጣለ ሥራ ፈት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ ሴቶች የሸጡትን ሸጡ፣ የተሰበረውን ጣሉ። እኔ አልሆነልኝም። አፋቸውን ደፍቼ ከቤቱ ጀርባ ደረደርኳቸው።

ባለቤቴ እንደ ዘመኑ የሀዲያና የከምባታ ጎልማሳ ሁሉ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ወርዶ ነበር። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ አዲስ ተጋቢዎች ነን። እዚያ ወባ ጣለው። ጆንያ ላይ ተኝቶ እያቃዠው ለጌታ ቃል ገባ። በሕይወት አገሬ ብታገባኝ ጽዋህን በገዛ እጄ ባበቀልኩት ወይን እሞላልሃለሁ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ለጌታ እራት የምንጠጣው ከሆሳዕና ከተማ ሱቅ የተገዛ ዘቢብ ተቀቅሎ ነበር፤ ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

ሲድንም ወዲያው ወደ ቤቱ አልመጣም። አንድ ፈረንጅ እዚያ ቆላ የወይን እርሻ ነበረውና ሐረግ ሲገርዝለት ከረመ። እኔ ሻሽ ይዞልኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የደረቀ እንጨት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ሁለት እስር ነው፤ አንዱ በነጭ ክር፣ አንዱ በጥቁር ክር የታሰረ። ይሄ ነው እንግዲህ የወንጂ ሲሳያችን ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ነጩ ወይን ቶሎ ያፈራል፣ ሲበሉት ስኳር ነው፣ ግን ቆዳው ስስ ነው። ጥቁሩ ቆዳው ወፍራም፣ ዘሩ የበዛ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጎመዝዝ ነው፤ ሦስት ዓመት ካልጠበቁት ፍሬውን አያሳይም።

መቼም ገበያ የማውቀው እኔ ነኝ። ቅቤና ቆጮ ይዤ ሆሳዕና የምወጣው እኔ፣ የአስተማሪዎቹን ሚስቶችና የክሊኒኩን ነርሶች ፊት የማውቀው እኔ። ጎምዛዛ ፍሬ ማን ይገዛኛል፣ ሁሉንም ነጭ እናድርገው አልኩት። እሱ ደግሞ ጽዋ በነጭ ይሞላል እንዴ፣ የጌታ ደም ነጭ ነው እንዴ ብሎ ድርቅ አለ። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ድርቅ ሲል ግን ድርቅ ነው።

ክርክሩ ሳያልቅ ከሁለታችንም የሚበልጥ ነገር መጣ። መሬቱ የእኛ አይደለም። ባለመሬቱ ከባለቤቴ ጎሳ ነው፤ አያቶቻቸው ከአንድ ማዕድ በልተዋል። ወረቀቱን በስሙ ያወጣው ግን እሱ ነውና እኛ የእሱ ጭሰኛ ነን። አማኝ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራበትን ቦታ የሰጠውም እሱ ነው። እሁድ እሁድ ወንድሜ ይለናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሲሶውን ይጠብቃል። ከእንሰታችን በቀር የሚከርም ተክል መሬቱ ላይ እንድንተክል አይፈቅድም ነበር። ባሕር ዛፍ ክልክል፣ ቡና ክልክል። ዛሬ ዛፍ የተከለ ነገ መሬቱ የእኔ ነው ይለኛል ብሎ ይፈራል።

ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቴን ጋኖቼ ፊት ቆሞ አገኘሁት። በመሬቱ ላይ አትትከል አለኝ እንጂ በጋን ውስጥ አላለኝም አለ። በምስማር ቀስ እያለ እየቆረቆረ ታቻቸውን ሲበሳ ሆዴን የበሳኝ ያህል ተሰማኝ። ግን ፊቱን አይቼ ተውኩት። ሥር ወርዶ መሬት እንዳይነካ እያንዳንዱን ጋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሦስቱን ጥቁር ተከለባቸው፣ ሁለቱን ነጭ። ነጩ የእኔ ድርሻ ነበር።

ነጩ በሁለተኛው ዓመት አፈራ። ክረምት ሲገባ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለና ግማሹ ፍሬ በዘለላው ላይ እንዳለ በሰበሰ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ከመስቀል በኋላ እየገረዘ ፍሬውን ወደ በጋ አዞረው። በጋውም ቢሆን የበልግ ዝናብ ቀደም ካለ ነጩ አይችለውም። እንደዚያም ሆኖ የተረፈውን በኮባ ቅጠል ደርድሬ ሆሳዕና ስቀርብ ሴቶቹ ተሻሙብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተኩራራሁ። ቤት ገብቼ ጥቁርህስ የት አለ እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱ ጥቁሩን ብቻ ውኃ ያጠጣ ይመስል እዚያው ነው የሚውለው።

በሦስተኛው ዓመት ጥቁሩ ያዘ። ፋሲካ ሲቃረብ ዘለላዎቹ ከአረንጓዴ ወደ ጠይም፣ ከጠይም ወደ ጥቁር መሄድ ጀመሩ። ባለቤቴ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው ነበር፤ የዘንድሮውን የጌታ እራት ወይን እኔ አመጣለሁ ብሎ። ይህን የተናገረ ዕለት ሲስቅ ጥርሱን ሁሉ አየሁት። ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ወሬው ባለመሬቱ ጆሮ ገባ። አንድ ጠዋት መጣና በጋኖቹ መሃል ዞረ። ከነጩ ቀጥፎ በላ፣ ጣቱን ላሰ። ከዚያ ሲሶዬስ አለ። ባለቤቴ ሊያስረዳው ሞከረ። ጌታዬ፣ መሬቱን አልነካሁም፣ ይኸው ድንጋይ ላይ ነው አለው። ሰውየው ሳይቆጣ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ትከሻውን መታ አድርጎ፣

«ወንድሜ፣ ጋኑ ያንተ ነው። አፈሩ ግን የእኔ ነው» አለው።

ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሄደ። ሦስቱ መጥተው ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ስለ ፍቅር ብዙ ተናገሩ። የተቀመጡበት ወንበር የእኔ፣ የጠጡት ወተት የእኔ፣ ፍርዱ የባለመሬቱ። ወንድማማች አይካሰስም፣ ተካፈሉ አሉ። ሁለት ዓይነት ወይን ስላለ ባለመሬቱ አንዱን ዓይነት መርጦ ይውሰድ፣ ሌላው ለእናንተ ይሁን አሉን። ባለመሬቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አዲስ ቆርቆሮ ቤት እየሠራ ነበርና በረንዳው ላይ ሐረግ ማየት አምሮታል።

እጁ ወደ ነጩ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። በልቶታል፣ ጥፍጥናው አፉ ውስጥ ነው፣ ገበያ እንደተሻሙበትም ሰምቷል። ነጩ ከምንጊዜውም በላይ ያስደሰተኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወስዶት ይበስብስበት፣ ጥቁሩ ይቀርልናል ብዬ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ባለመሬቱ ወደ ባለቤቴ ዞረና እንደ ወዳጅ ጠየቀው።

«አንተ ታውቃለህ። ለዚህ አገር የትኛው ይሻላል?»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። በልቤ ነጩ በል፣ ነጩ በል እላለሁ። አንዲት ቃል ናት።

«ጥቁሩ ነው» አለ። «ነጩ ክረምት አይችልም።»

ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይባርክህ፣ እውነተኛ ሰው አሉት። ባለመሬቱ ሰዎቹን ጠርቶ ጋኖቹን አንሱ አለ፤ ሐረጉ ሥር ሲሰድ ጋኖቹን እመልሳለሁ አለን። እኔ ሕይወቴን ሙሉ እርስዎ ስለው በኖርኩት ሰው ፊት ያን ዕለት ቆምኩና፣

«እንግዲያው አፈርህን ውሰድ» ብዬ የመጀመሪያውን ጋን ገፋሁት።

ጋኑ ከድንጋዩ ወደቀና ለሁለት ተሰነጠቀ። አፈሩ ባለመሬቱ ጫማ ላይ ፈሰሰ፣ ዘለላው ትቢያ ውስጥ ተንከባለለ። ወደ ሁለተኛው ስሄድ እጄን የያዘኝ ባለቤቴ ነው። ተይ አለኝ። ከዚያ ተንበርክኮ ሥሩን ከአፈሩ እያጸዳ ሰበሰበው፣ በእርጥብ ኮባ ጠቀለለው። ሁለቱን ጋን ሰዎቹ ተሸከሙ። ኮባውን እሱ ራሱ እንደ ሕፃን ታቅፎ ባለመሬቱ ቤት ድረስ ሄደ፣ በሰውየው በረንዳ ሥር በገዛ እጁ ተከለው። እኔ የእናቴን ጋን ስባሪ እየለቀምኩ አለቀስኩ።

ፋሲካ ደረሰ። ከተወሰዱት ሁለት ጋኖች የተቆረጠው ወይን ተጨምቆ ቀረበ። ሽማግሌው ከመድረክ ላይ ወንድማችን ከጓሮው ያፈራውን ለጌታ ሰጥቷል ብሎ የባለመሬቱን ስም ጠራ። ሕዝቡ አሜን አለ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን ነው የምንቀመጠው፤ ባለቤቴን ከማዶ አየዋለሁ። ጽዋው እሱ ጋ ሲደርስ በሁለት እጁ ያዘው፣ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እኔ ጋ ሲደርስ አጠገቤ ላለችው ሴት አሳለፍኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ፣ «ጣፍጧል፣ አይደል?» አለኝ።

አልጠጣሁም አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ምናለበት ነጩ ብትለው፣ አንዲት ቃል አነሰችህ ወይ፣ ስምህ ነበር መጠራት የነበረበት አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጥቁሩ ለእኛ ቢቀር ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሊወስደው ይመጣል» አለኝ። «እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ማንም አይነቅለውም።»

ነጠላዬን አጥብቄ ቀድሜው ቤት ገባሁ።

መሬት ለአራሹ ሆነ ሲባል ባለቤቴ አፈር ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ያረስነው መሬት ለእኔ ቀረ፤ ያለ እሱ ምን እንደማደርግበት ግራ ገብቶኝ በቆሎ ዘራሁበት። የእኔ ነጭ ወይን ከዚያ በፊት በክረምት ሞቶ አልቋል። ባለመሬቱ መሬቱን ቢያጣም ቤቱ አልተነካበትም፤ ጥቁሩ ወይን በረንዳውን አልፎ ቆርቆሮው ላይ ወጥቷል። በየፋሲካው ልጆቹ ያመጣሉ፣ የአባታቸው ስም ይጠራል። የተወሰዱት ጋኖቼ አልተመለሱም። ጽዋው ሲመጣ እስከ ዛሬ አሳልፋለሁ።

በቅርቡ ወጣቶቹ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። እናታችን፣ ከጽዋው የሚያርቅዎት ምን ኃጢአት ነው አሉኝ፤ ዝም ስላቸው ተንበርክከው ጸለዩልኝ። ሲወጡ አንደኛው ከቤቱ ጀርባ ተደፍተው የቀሩትን ሁለት ጋኖች አየ። ጎንበስ ብሎ ታቻቸውን ዳሰሰና ደስ አለው። ቀዳዳም አላቸው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በር አበባ መትከያ ይሆኑ ነበር፣ ቢሰጡን አለኝ።

«የእናቴ ናቸው» አልኩት። «አልሰጥም።»