«ሰው ነኝ!» ብዬ የጮህኩበት የሮግስቬድ ደረጃ

ከደብረ ሲና ስወጣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሚሊኒየሙ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ አገሩ ሁሉ አዲስ ዘመን ሲጠብቅ እኔ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ማለዳ ነው። ጉሙ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ከተማዋን ውጧታል፤ ሻንጣ የያዘውን የራሴን እጅ እንኳ በቅጡ አላየውም። አጠገቤ ታላቅ እህቴ እትዬ አሰለፈች የስድስት ዓመት ልጄን ቤዛን በነጠላዋ ጠቅልላ ቆማለች። ባለቤቴ ስዊድን ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሶደርተልየ የሚባል ከተማ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ሲመጣ የልጅቷ ዘገየ።

«አንቺ ሂጂና ቤቱን አሙቂው። እሷን እኔ እጠብቃታለሁ» አለችኝ እትዬ።

እሷ ልጅ አልወለደችም። ቤዛን ያሳደግናት እኩል ነው፤ እንዲያውም እውነቱን ልናገር ካልኩ የእሷ ይበልጣል፣ እኔ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ መስኮት ስር ቆሎ ስሸጥ ነው የምውለው።

ደብረ ሲናን በአውቶቡስ አቋርጣችሁ ብቻ ለምታውቋት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ከተማ ሰው ጉም ሲወርድ እየጮኸ ነው የሚሄደው። መንገዱ ቁልቁለት፣ ጉሙ ወፍራም፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ይሁን ጭነት የያዘ በቅሎ አይታወቅም። ስለዚህ ኮቴ የሰማ ሰው «ሰው ነኝ!» ይላል፤ ያኛውም «እኔም ሰው ነኝ!» ብሎ ይመልሳል። መልስ ያጣ ጥጉን ይይዛል። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ኮቴ ሰምተው «ሰው ነኝ!» ቢሉ ዝም። ደገሙ፣ አሁንም ዝም። ተናደዱና «ሰላምታ የማያውቅ አህያ!» ብለው ሲሳደቡ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ገበሬ «ጋሼ፣ አህያዬን እንዴት ለዩት?» አላቸው። ዲሬክተሩ እስኪዛወሩ ድረስ ከተማው ሲስቅባቸው ኖረ።

ያን ዕለትም አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እህቴና ልጄ ወዲያው ጠፉብኝ። ድምፃቸው ግን ቀረ። እነሱ «ሰው ነኝ!» ይላሉ፣ እኔ በመስኮት «እኔም ሰው ነኝ!» እላለሁ፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎብኝ እስከማይሰማ ድረስ እንዲህ ተባባልን።

ስቶክሆልም ስገባ ያረፍኩት ሮግስቬድ ነው፤ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር በአረንጓዴው መስመር፣ ከመጨረሻው ጣቢያ ከሃግሴትራ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ። ቤታችን አንድራሃንድ ነው፣ ማለትም ከተከራይ ላይ የተከራየነው። ዋናው ተከራይ ጋሽ መኮንን በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው፣ በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ምክርም ጨመሩልኝ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሁለት ነገር አይነካም። የሰው የልብስ ማጠቢያ ሰዓትና የሰው ዝምታ።»

«ታዲያ ጎረቤቴን ሰላም አልልም?»

«‹ይበርዳል› በያቸው፣ ይበቃል።»

በረደኝም። ዳቦአቸው ጣፋጭ፣ ዓሣቸው ጣፋጭ፤ ጨው ያገኘሁት ከረሜላቸው ውስጥ ነው ብል ማን ያምነኛል? ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። የሕንፃችን ደረጃ መብራት ቆጣቢ ስለሆነ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ በራሱ ጊዜ ድርግም ይላል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በዚያ ጨለማ የሰው ኮቴ ስሰማ አፌ እኔን ሳያማክር «ሰው ነኝ!» ይላል። ኮቴው ቀጥ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይሮጣል፣ በር ይዘጋል፣ ቁልፍ ቀጭ ይላል። እኔ ሞኝ አልሰሙኝም ብዬ ጨምሬ እጮሃለሁ።

ጥር ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንደኛው የቤዛን ፈቃድ ያበሰረ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ መምጣት ትችላለች። እልል ብዬ ሳልጨርስ ጋሽ መኮንን ደወሉ። ሁለተኛው ደብዳቤ የደረሰው እሳቸው ዘንድ ነው፣ ከአከራዩ መሥሪያ ቤት።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም አላደረግሁም፣ ጋሼ።»

«ሦስት ጎረቤት ከሶሻል! እኔ እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ስኖር ሦስት ሰው አላናገረኝም!»

ጥፋቱ ስተርኒንግ ይባላል፤ ጎረቤት መረበሽ ነው። ኮንትራቱን ሊያሳጣቸው ይችላል። እሳቸው ካጡ እኛ ደጅ ነን፤ ልጄን የማሳርፍበት ቤት ፍለጋ እንደገና ሀ ብዬ ልጀምር ነው።

መሥሪያ ቤቱ በቀጠረን ቀን ጋሽ መኮንን በከረባት መጡ። ኃላፊዋ ሹራብ ለብሳ፣ «ማርጋሬታ በሉኝ» አለችንና ቡና ራሷ ቀዳችልን። ጋሼ እየተረጎሙልኝ ሦስቱ ጎረቤቶች የጻፉትን ደብዳቤ አነበበች።

የመጀመሪያዋ ጎረቤት «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴት በየቀኑ ትጮኻለች። ባሏ ይመታት ይሆን?» ትላለች። ባሌን ብታዩት! ክትባት ሲወጋ እጄን ይዞ ነው።

ሁለተኛው «ከቤቴ የምወጣው በበሩ ቀዳዳ አይቼ፣ ደረጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ ነው። በዚህች ሴት ምክንያት ሁለት ጊዜ ሥራ አርፍጃለሁ» ይላል።

የሦስተኛዋ ደብዳቤ አጭር ነው። «ሰው እየተጣራች ነው። ልጅ ጠፍቶባት ከሆነ ለምን የሚረዳት የለም?»

እዚህ ላይ ስለ ጉሙ መናገር ጀመርኩ።

«ይህንን አልተረጉምም» አሉ ጋሽ መኮንን በአማርኛ። «እኔ ለዚህ አገር ድልድይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ አህያ ላወራ?»

«በእግዚአብሔር፣ ይተርጉሙልኝ ጋሼ። አህያውንም አይዝለሉብኝ።»

ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ጀመሩ። ዲሬክተሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ገበሬው ጋ ሲደርሱ ከረባታቸውን ፈተው በሳቅ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ማርጋሬታም ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች።

«እኔ ያደግኩት ደሴት ላይ ነው» አለች ቀና ስትል። «ጉም ሲወርድ አባቴ ጀልባው ላይ ድስት ይደበድብ ነበር። አንድ ጊዜ የገደል ማሚቶውን የሌላ ጀልባ መልስ መስሎት ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ጋር ሲመላለስ ዋለ።» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ሦስቱም ቅሬታቸውን በፊርማ ካነሱ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ካላነሱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ቤቱን ትለቃላችሁ።»

ውጪ ስንወጣ «ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን» አሉ ጋሽ መኮንን።

«የለም፣ አንኳኳለሁ።»

«በር? ያለ ቀጠሮ?»

«ጋሼ፣ እኔ መስኮት ሳላንኳኳ የሸጥኩት ቆሎ የለም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቆሎ ቆልቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ የአራት ወር ስዊድንኛዬን ይዤ ወረድኩ። ባለቤቴን እየጎተትኩ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት በሯን ከፍታ እሱን ከላይ እስከታች አየችው። እሱ ከጀርባዬ ሊደበቅ ሲሞክር ሳቋ መጣና ፈረመች።

ያ የሚያረፍደው ሰውዬ በሩን በሰንሰለት ገርበብ አደረገ።

«ቅሬታዬን አነሳለሁ፣ ግን በአንድ ውል» አለኝ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ደረጃው የእኔ ነው።»

ልክ በየተራ ሰዓት እንደምንይዘው የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ደረጃውን በሰዓት ያዘው! ተስማማሁ። ቆሎውን ተቀብሎ አሸተተ፣ አመሰገነ፣ ዘጋ። በበሩ ቀዳዳ እያየኝ መሆኑን ስለማውቅ እጄን አወዛወዝኩለት።

ምድር ቤት የምትኖረው ሦስተኛዋ ሰማንያ ዓመት የሚሆናት አሮጊት ናት። የፊርማውን ወረቀት ሳላወጣ ነው የጠየቀችኝ።

«ልጅሽን አገኘሻት?»

«በሚያዝያ ትመጣለች» አልኩ። «ቤቱ ካልተወሰደብኝ።»

መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበች። «መጮህ ታቆሚያለሽ ማለት ነው?»

«አቆማለሁ።»

«እንግዲያው አልፈርምም። ቀኑን ሙሉ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የምሰማው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ አላቆምም!»

ፈረመች። ቆሎው ለጥርሷ ስለጠነከረ በማግስቱ በሶ አድርጌ ወሰድኩላት።

ሰኞ ማርጋሬታ ሦስቱን ፊርማ አይታ ፋይሉን ፊት ለፊቴ ዘጋች። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስወጣ በረዶው ላይ የምራመደው አገሩን የገዛሁት ያህል ነው። ጋሽ መኮንን አንድ እሑድ ቤት ድረስ መጡና ዓይናቸውን ሳያነሱ «እስኪ ለጎረቤቶቼ አስተዋውቂኝ» አሉኝ። ሦስቱም በር ጋ አደረስኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄዶ ቤዛን ይዟት መጣ። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጣ አላወቀችኝም መሰለኝ፣ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሮጠች። አሁን እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ የምድር ቤቷ አሮጊት ደግሞ ጣልቃ ገብታ «በእናትሽ ቋንቋ!» ትላታለች።

እትዬ አሰለፈች ቤዛን ቦሌ ሸኝታ ወደ ደብረ ሲና የተመለሰችው እሑድ ነው። በዚያው ቀን የቤዛን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አጠበች። ሰኞ ማታ ተኮሰችውና ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠቻት። ማክሰኞ ጠዋት ያችን የጎረቤቷን ልጅ፣ ቤዛን ታደርስ እንደነበረው፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት አድርሳት ተመለሰች።