የእህቴ የደም ውጤት፤ ከወልዲያ እስከ መቀሌ

ጎሕ ሳይቀድ ከወልዲያ የተነሳሁት ታናሽ እህቴን ሉባባን ከመቀሌ ይዣት ልመለስ ነው። ባሏ ሰይድ ደውሎ፣ "ደሟ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ፤ እሷ ግን ከአልጋ አልወርድም ብላለች። ሥራ ጠልታ መሰለኝ፤ መጥተህ ውሰዳት" አለኝ። እናታችን መኝታዋን አሰናዳችላት።

አውቶቡሱ አላማጣ ሲቆም ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ሜዳው ከታች እየራቀ ሲሄድ ጆሮዬ ተደፈነ። የማይጨው ብርድ አጥንት ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የመንገዴን ምክንያት ሲሰሙ ከሕምባሻቸው ቆርሰው ሰጡኝና፣ "ኣጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ፣ ፈጣሪ ይማራት" አሉኝ።

ሓድነት፣ ከሰዓት

መቀሌ ገብቼ ከሮማናት አደባባይ በሚኒባስ ሰፈራቸው ሓድነት ደረስኩ። እህቴና ባሏ የሚኖሩት ከጫማ ሱቃቸው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ሉባባ ግድግዳ እየተደገፈች መጥታ ከፈተችልኝ።

"ወንድምዓለም፣ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። አንድ ዓይኔም ጭጋግ ለብሷል። ሰይድ ግን አያምነኝም።"

በማግሥቱ ሦስታችንም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ መርምራት ኤምአርአይ አዘዘች። ውጤቱ ሲደርስ ተመለስን።

"መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል" አለች ሐኪሟ ዝግ ብላ። "የሰውነቷ መከላከያ የገዛ ነርቮቿን ሽፋን እያጠቃ ነው።"

"ደሟ ላይ ግን ብግነት የለም ተብሏል" አላት ሰይድ።

"ልክ ነው። ያ ምርመራ የሚያሳየው በጠቅላላው ሰውነት ያለውን ብግነት፣ የሰውነት መቆጣትን ነው። የሷ የተቆጣው አንጎልና ኅብለ ሰረሰሯ ውስጥ ነው፤ ደሟ ላይ ላይታይ ይችላል።" ወደ ሉባባ ዞረች። "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እውነትሽን ነው።"

ሉባባ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሰይድ አጠገቧ ተንበርክኮ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አላት።

"ጊዜ ስጠኝ" አለችው።

መልስ

ሐኪሟ ያዘዘችላትን መድኃኒት ለጥቂት ቀናት በደም ሥሯ ወሰደች፤ ያመላለሳት ሰይድ ነው። ዓይኗ ጠራ ማለት ጀመረ፤ እግሯ ገና ነው። ሐኪሟ በሽታው ሊመላለስ እንደሚችል አልደበቀችንም።

"ልውሰድሽ?" አልኳት።

"ሱቄም ሐኪሜም እዚህ ናቸው። ከከፋኝ እደውልልሃለሁ።"

ብቻዬን ወልዲያ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ምርመራ ምንም አላሳየም ማለት ሰውየው አልታመመም ማለት እንዳልሆነ ነው። እናታችን ደጃፍ ቆማ ከኋላዬ ታያለች።

"ልጄስ?"

"እቤቷ ናት። አሟት ነው እንጂ አልሰነፈችም፣ እማ።"

ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። "ልጄ፣ እግርሽን እንዴት እንዴት እንደሚያደርግሽ ንገሪኝ" አለቻት፤ ሉባባ ተናግራ እስክትጨርስ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማቻት።