ጭቃ የማይይዘው ጎማ

የመጀመሪያው ሮቨራችን የሄደው ሦስት ሜትር ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን፤ አራት ልጆች፣ የጎማውና የሻሲው ኃላፊ እኔ። የምንሠራው ለተማሪዎች የሮቨር ውድድር የሚቀርብ፣ ያለ ሾፌር ድንጋይና ጉድጓድ እያለፈ የሚሄድ ትንሽ ሮቦት ነው። ቦሌ አራብሳ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስንለቀው ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አራቱም ጎማ በባዶ ይሽከረከር ጀመር። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ መፍትሔው ታይቶኝ ነበር።

ሁለተኛውን ባለ ስድስት ጎማ አደረግነው። በየጎኑ ያሉት ሦስት ጎማዎች በሚታጠፍ ክንድ ስለተያያዙ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ መሬት አይለቁም። መሬቱን ቆንጥጠው እንዲይዙም ጥልቅ ጥርስ አወጣሁላቸው። በጋውን ሙሉ ያላለፈው ድንጋይ አልነበረም። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲርስ ግን አሥር እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ስድስቱም ጎማ የጭቃ ድቡልቡል ሆኖ ቆመ።

"ጉልበት አንሶት ነው፤ ትልቅ ሞተር እንግጠምለት" አለ ሞተሩን የሚሠራው ልጅ።

ይሄኔ የብሎካችን ጥበቃ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከላያችን ያለፈው አውሮፕላን ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁና ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ፋቅ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ኮትቻ ነው፤ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ጉልበት አይፈራም። ጥርስ ካገኘ ደግሞ እዚያው ቤቱን ይሠራል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል፣ አባባ?"

"እኛ ስናርስ ቆም እያልን ማረሻውን እንፍቅ ነበር። ይሄ እጅ የለው! የሚፍቅለት ነገር ሥሩለት እንጂ።"

በዚያ ጥርስ ስኮራ ስለከረምኩ ትንሽ ከነከነኝ። ግን ልክ ነበሩ። በማግስቱ ጥርሱን አሳጠርኩት፣ አራራቅኩትም። ጭቃውን እንዲፍቅ ከየጎማው ኋላ ስስ ብረት አስበየድን፤ ብረቱ ጎማውን እየበላ አስቸገረን። ብረቱን አውጥተን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ስንተካ ጭቃው እየተላጠ ይወድቅ ጀመር።

ውድድሩ ላይ አዘጋጆቹ መሮጫውን ሆን ብለው ውኃ አጠጥተውት ነበር። ሌሎቹ ሮቨሮች አንድ በአንድ መሃል ላይ ቀሩ። የእኛው እየተንቀረፈፈ፣ ጭቃውን ከኋላው እያራገፈ፣ ሳይቆም ወጣ። በሌላው የውድድሩ ክፍል፣ ዕቃ በማንሳት፣ ስለተበለጥን ሁለተኛ ሆንን። አልከፋኝም፤ ያን መሬት ያቋረጠው የእኛ ብቻ ነው።

ቪዲዮውን ለጥበቃው በስልኬ አሳየኋቸው። ሁለቴ አዩት።

"ጎበዞች" አሉ። "ዳገትስ ሞክራችሁበታል?"

አልሞከርንም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሮቨሩን ተሸክመን፣ እሳቸው ከፊት እየመሩን፣ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ዳገት ሄድን።