መጥሪያውን በእጄ ያስረከቡኝ እናት

አዲስ አበባ ሳለሁ ሚኒባስ ስገዛ የልጅነት ጓደኛዬ ገንዘብ አበድሮኝ ነበር። ሳልከፍለው አሜሪካ፣ ዴንቨር ገባሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ ስልኩንም ማንሳት ተውኩ። እህቴ ደውላ “ከሶሃል፤ መጥሪያው እዚያው ድረስ ይመጣልሃል” ስትለኝ፣ ዴንቨር ዳር ኦሮራ የምትባል ከተማ ውስጥ ማን ያገኘኛል ብዬ ናቅኩት።

ያገኙኝ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ኤርትራዊት ናቸው፤ ሥራቸው የፍርድ ቤት ወረቀት ማድረስ ነው። መጀመሪያ የመጡት ኤርፖርት፣ እኛ የታክሲ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ነበር። በስሜ ጠሩኝ፤ ዙሪያዬን የቆሙትን ሾፌሮች አዩና “ሌላ ቀን እመጣለሁ” ብለው ሄዱ። ነገሩ ስለገባኝ ከዚያ በኋላ ቤቴ ሲንኳኳ አልከፍትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኪናዬ ላይ በረዶ ስጠርግ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

“እናቴ፣ አላገኘሁትም ብለው ይመልሱልኝ” አልኳቸው።

“ማድረሴን የምፈርመው በመሐላ ነው። ለማንም ብዬ አልዋሽም” አሉ። “ያን ቀን ልሰጥህ እችል ነበር። በጓደኞችህ ፊት ላሳፍርህ አልፈለግኩም። አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በበረዶ አታመላልሰኝ።”

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ተቀበልኩ። ቀጠሮው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለነበር፣ እዚህ ዓመታት ኖሬ ማስላቱ እንደጠፋብኝ አይተው መነጽራቸውን አወጡ፤ በጣታቸው ቆጥረው “ገና አምስት ሳምንት አለህ። ዝም ካልክ ግን በሌለህበት ይፈረድብሃል። ከዚህ በላይ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው” አሉኝ።

“አማርኛውን የት ተማሩት?”

“አስመራ፣ ትምህርት ቤት። በቃል ጽሕፈት የሚቀድመኝ አልነበረም” ብለው ፈገግ አሉ።

የዚያኑ ዕለት ለጓደኛዬ ደወልኩ። “እኔ እኮ የሆነ ነገር ሆነህ ይሆናል ብዬ ስሰጋ ነበር!” ብሎ ጮኸብኝ። ለእህቴ ውክልና ላክሁ፤ ችሎት ፊት ቀስ በቀስ ልከፍል ተስማምተን ጉዳዩ በእርቅ ተዘጋ። አሁን እንደዋወላለን።

ሴትዮዋን ባለፈው ክረምት እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ ሌክውድ አየኋቸው። ፖስታ ይዘው የአንድ አፓርትመንት ደረጃ ቀስ ብለው ይወጣሉ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሮጬ ደረስኩባቸው።

“የት ነው የማውቅህ?” አሉኝ።

“መጥሪያ ሰጥተውኝ ነበር።”

“እሱማ ብዙ ናችሁ” ብለው ሳቁና መውጣታቸውን ቀጠሉ።