ዳዊት ያልወረደበት ቀን

ትላንት እዚህ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር የትራፊክ መብራት ላይ፣ ከተራራ የተመለሰ መኪና ጣሪያው ላይ በረዶ እንደተሸከመ አጠገቤ ቆመ።

ልጅ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ስኪ፣ ተራራ ላይ በበረዶ ለመንሸራተት፣ ሄደን ነበር። ከሰዓት ጭጋግ ወረደና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ከላይ ሳይመለስ ቀረ። አባቴ ሰዎችን በተንጠልጣይ ወንበር ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ሥር ቆሞ የሚወርደውን ፈረንጅ ሁሉ "ልጄን አይታችኋል?" ይላል፤ ከድንጋጤው ብዛት በአማርኛ።

ቫኑን የነዱልን ጋሽ ታደሰ ትከሻውን ያዙት።

"አይዞህ፣ የደጋ ሰው ብርድ አይገድለውም።"

"እሱ እኮ ኦክላንድ ነው የተወለደው፣ ጋሼ። ብርድ የት ያውቃል?"

ሊፍቱ ቆመ። ባዶዎቹ ወንበሮች በነፋስ ይወዛወዙ ነበር። ፈላጊዎች ለቀናት ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እናቴ ዛሬም ብርድ በመጣ ቁጥር "ሹራብ ለብሶ ነበር?" ትለኛለች።

"አዎ፣ እማዬ" እላታለሁ። ከጃኬቱ ሥር ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበሰው።