ካቡ አጠገብ ቁም

ባሌ ሃኑስ ዕድሜውን ሙሉ ወደባችን ላይ ዓሣ ሲበልት የኖረ፣ ቃል ከአፉ በስንት መከራ የሚወጣ ሰው ነው። ምላሱ የሚፈታው ተራራ ላይ፣ ያውም ብራንዱር አጠገቡ ካለ ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ክርስትና የተነሱ፣ አብረው በግ ከተራራ ሲያወርዱ ያደጉ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ነበሩ ማለቴ ነው። ብራንዱር ባለፈው መስከረም ሞቷል።

ብራንዱር ቀልደኛ ነበር። ሰው ሲቀልድ ግን ሳቁ ይዘገያል፤ ሁላችንም ስቀን ስናበቃ እሱ ይጀምራል። “ያንተ ሳቅ በመርከብ ነው እንዴ የሚመጣው?” እለው ነበር። እኛ ቤት ሲመጣ ከሃኑስ ትይዩ ካለው ወንበር ሌላ አይቀመጥም። ሌላ ሰው ከቀደመው እስኪለቅለት ቆሞ ይጠብቃል። እኔም የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አለፍኩት።

የብራንዱር እናት የተወለደችው ከተራራው ማዶ፣ የባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ ዛሬ ሰው በሌለበት መንደር ነው። በጎቻችን በዚያ በኩል ስለማይሰማሩ መንገዱን ሁለቱም አያውቁትም።

“ጉልበቴ ሳይከዳኝ የእናቴን ደጅ ልርገጥ” አለ ብራንዱር አንድ ቀን።

“ጉልበትህማ ድሮ ከድቶሃል። አሁን የሚጎትትህ ሆድህ ነው” አለው ሃኑስ።

ብራንዱር አፍ አፉን እያየ ሳቀ። እኔም በነፋስ የደረቀ የበግ ሥጋና ድንች ቋጥሬ ሸኘኋቸው። ገደል ቢያጋጥም የሚረዳቸውን ገመድ ብራንዱር ያዘ።

የቀረውን የነገረኝ ሃኑስ ነው። እዚህ ተራራ ላይ መንገድ የሚያሳየው የድንጋይ ካብ ነው፤ አንዱ ጋ ቆመህ ቀጣዩን ታያለህ። ጉም ከወረደ አንደኛው ካቡ አጠገብ ይቆማል፣ ሌላው ቀጣዩን ፍለጋ ይሄዳል። ሲያገኘው ይጣራል፤ የቆመው ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። ሳይጠሩት ንቅንቅ የለም። የኛ አገር ልጅ ይህን የሚማረው ገና ዳዴ እያለ ነው።

ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ጉሙ ከባሕር ተነስቶ ሸፈናቸው።

ሃኑስ ፊት ለፊቱ ቆሞ “ካቡ አጠገብ ቁም። ስጠራህ ትመጣለህ” አለው።

“እኔን ነው የምታስተምረው? ሂድ ወዲያ!” አለ ብራንዱር።

ሃኑስ ቀጣዩን ካብ አገኘና ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። የሚቀልድበት መስሎት “ተው አንተ ሰውዬ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም!” አለ። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በመጨረሻ ተመልሶ ሲያይ ካቡ ሥር የብራንዱር ከረጢት ብቻ ተቀምጧል። በማግስቱ ሬሳውን ከገደሉ ሥር አገኙት፤ ገመዱ ትከሻው ላይ ነበር።

ሃኑስ አላለቀሰም፤ ተቆጣ። “ቁም አልኩት! ሕፃን እንኳ ይቆማል!” እያለ ቀበረው፤ ከዚያ በኋላ ስሙን እንዳላነሳ ከለከለኝ። የሞተን ሰው መቀየም ክፉ ነገር ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅህ አይመጣም። እኔም ስሙን ማንሳት ተውኩ።

በረዶ መጣል ሲጀምር የብራንዱር ሚስት ሱኒቫ ቤታችን መጣች። ሃኑስ ገና ሳትቀመጥ “ለምን አልቆመም?” አላት።

“አልሰማህማ፣ ሃኑስ። ጆሮው መስማት ካቆመ ቆይቷል። እኔ ሚስቱ ስናገር እንኳ ግማሹ አይገባውም ነበር። ያንተን ከንፈር ግን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ፊትህን እያየ ነበር የሚሰማህ።”

ሃኑስ ከፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር አየ። እኔም አየሁት፤ በሳቁ ስቀልድ የኖርኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

“ጉም ውስጥ ፊትህን ከየት ያምጣው?” አለች ሱኒቫ። “ስትዘገይበት ወድቋል ብሎ ነው የተነሳው። ከረጢቱን ጥሎ ገመዱን ብቻ የያዘው አንተን ሊያወጣ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገረኝም?”

“‘ከነገርኩት ተራራ አይወስደኝም’ ይል ነበር።”

ባሌ ያኔ አለቀሰ። በሰው ፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲበርድለት ሱኒቫን ሳይሆን ወንበሩን እያየ መለሰ።

“እውነቱን ነው” አለ። “አልወስደውም ነበር።”