አባቴ ለኮምፒውተሬ የነገሩት

ይህ የደረሰብኝ አባቴ ባረፉበት ዓመት፣ አጨዳ አልቆ ውቂያ በሚጀመርበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። ግን እስከ ዛሬ ሰው ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ሲያማክረኝ፣ በተለይ "ኤስኤስዲ የቱ ይሻላል?" ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ጠያቂው ምን ያውቃል! የማውቀውን እነግረውና ዞር ብዬ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ የኮምፒውተር መምህርት ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ አልበቃ ብሎኝ ቤቴም ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ገጥሜ የቤት ሰርቨር ሠርቼ ነበር። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮው ሁሉ እዚያ ተቀምጦ በቴሌቪዥኑም በስልኬም ይከፈታል። ጓደኞቼ "ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር" እያሉ ይቀልዱብኛል።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ዓይናቸው ሲደክምና ሕመሙ ሲጠናባቸው እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። አላውቃትም፤ ፎቶ እንኳ የላትም። አባቴ ስለ እሷ አንስተውልኝ አያውቁም። ልጅ ሳለሁ ስጠይቃቸው "ነፍሷን ይማር" ብለው ወሬውን ይቆርጡታል። እኔም ጥያቄዬን ዋጥ አድርጌ አደግሁ።

ዜማቸው አብሯቸው እንዳይቀበር በቪዲዮ ልቀዳቸው ተስማማን። ካሜራው የሚቀዳውን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ የእኔ ዲስኮች ግን ያረጁ ቀርፋፋ ስለሆኑ ቪዲዮው ይቆራረጥ ጀመር። መፍትሔው ካሽ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ትንሽ ፈጣን የመረጃ ማስቀመጫ ከፊት ይቀመጣል፤ አዲስ የተቀዳው መጀመሪያ እዚያ ያርፍና ኋላ ወደ ትልልቆቹ ዲስኮች ይገለበጣል።

የቱን ልግዛ የሚለው ብዙ አስጨነቀኝ። ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ በስልክ ሁለት ዓይነት ነገረኝ። አንዱ መብራት ድንገት ሲቋረጥ የያዘውን እንዳይጥል ተደርጎ የተሠራ፣ ለትልልቅ ድርጅት የሚሆን ዕቃ ነው። እሱን ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለበት፤ መቼ እንደሚደርስ ግን ራሱም አያውቅም። ሌላው ተራው ነው፤ እጁ ላይ አለ።

አባቴ ደግሞ ጊዜ አልነበራቸውም። በየቀኑ ድምፃቸው እየሰለለ ነበር። ተራውን መረጥኩና መብራት ሲጠፋ እንዳይጎዳብኝ ዩፒኤስ ጨመርኩበት። እንግዲህ ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲሄድ እየጮኸ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን ነው። እኛ ዘንድ መብራት ሄደ መጣ ሲል ነው የሚውለው፤ ያ ሣጥን ግን አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

አባቴ ምን እየገጣጠምኩ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ "አባባ፣ ይቺ ትንሿ አውድማ በሏት። እህሉ መጀመሪያ እዚህ ያርፋል። ትልልቆቹ ጎተራዎቹ ናቸው። በሳምንቱ፣ እሑድ ማለዳ ከአውድማው ወደ ጎተራው ይገባል" አልኳቸው። ያረጁት ዲስኮች በየሰዓቱ እየተነሱ እንዳይግሉ ብዬ ነው በሳምንት አንዴ ያደረግሁት።

"እሑድ? ሰንበት የሚሽር ዕቃ ነው የገዛሽው በይኛ!" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና፣ "ግድ የለሽም፣ ሰኞ አድርጊለት። እሱም ይረፍ" አሉኝ።

ቀልድም ቢሆን የአባቴ ቃል ነው። ሰኞ አደረግሁት።

ዜማው በደህና ተቀዳ፤ በየሰኞው ወደ ትልልቆቹ ዲስኮች ገባ። ያን ስንጨርስ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

"መሣሪያሽን ክፈቺልኝና ሂጂ። ስለ እናትሽ የምነግርሽ አለ።"

በሩን ይዤ ቀረሁ። "አባባ፣ አሁኑኑ ለምን አይነግሩኝም?"

"ፊትሽን እያየሁ አልችለውም። እኔ ካረፍሁ ኋላ ስሚው። እሺ በዪኝ።"

"እሺ" አልኳቸው። በማግስቱም እንዲሁ ብቻቸውን ተናገሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። "ጨረስሁ" አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እጄን እየበላኝ ቃሌን ጠበቅሁ። ድምፁን ለመክፈት አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያወራም የሚጮህም ዕቃ አይከፈትም። ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ጎረቤቶች ገና ሲገቡ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑት። ያን ጥግ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ ኮምፒውተር ግን ልብ ያለው አልነበረም። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ራሴን አላውቅም።

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱም እንደ ልማዱ ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረ።

እኔ ቤት ሆና ስታስታምማቸው የሰነበተችው ታናሽ እህታቸው አክስቴ ጥሩወርቅ ናት። ከሬሳው ራስጌ ብድግ አለች። "ኧረ ይሄን ነገር ዝም አስብሉልኝ! ወንድሜ ከቤቱ ሳይወጣ ፉጨት ይፎጭበታል?" አለች አሉ። እንዴት እንደሚዘጋ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ራሷ ሄዳ ያገኘችውን ገመድ ሁሉ እየጎተተች ነቀለችው፤ በላዩም ነጠላዋን ጣለችበት። ቤቱ ጸጥ አለ። ካህናቱም ፍትሐቱን ቀጠሉ።

ከሠልስቱ በኋላ ሰው ቀለል ሲል ከፈትኩት። ትልልቆቹ ዲስኮች ተነሱ። ኤስኤስዲዋን ግን ኮምፒውተሩ ሊያገኛት አልቻለም። ስለ እናቴ የተናገሩት ደግሞ ሰኞ ስላልደረሰ እሷ ላይ ብቻ ነበር። ነቅዬ ሰካሁ፣ ገመድ ለወጥኩ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ። ምንም። ባሕር ዳር ወሰድኳት፤ ከዚያም አዲስ አበባ ይዣት ወረድኩ። አንድ ባለሙያ ብዙ ከታገለ በኋላ፣ "እህቴ፣ ይሄ በቃው። መብራት በድንገት ሲነቀልባቸው አንዳንዶቹ እንዲህ ይሆናሉ። ሌላ ቦታ ቅጂ የለሽም?" አለኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቀሰቅሁ። ሰውየው በድንጋጤ ውኃ አመጣልኝ።

ለአክስቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ወንድሟን አከብር ብላ ባደረገችው፣ የወንድምሽን የመጨረሻ ቃል ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ልበላት?

ለሙት ዓመታቸው መጣች። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ጠጋ አለችኝ።

"ያን ሰሞን ስለ እናትሽ ለመሣሪያው ሲናገር በበሩ ሳልፍ ስሟን ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ዘልቄ ግን አልሰማሁም። ምን አለ?"

"ደግ ነገር ነው የተናገሩት" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ተመስገን! ይቅር አላት በይኛ! ቂሙን ይዞ ይሞታል ብዬ ስንት ዘመን ስፈራ ኖርሁ!"

ይቅር ያሏት ምን አድርጋቸው ነው? ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"እኔን ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ ገዝቶኝ ነበር" አለች ፊቷን እየጠረገች። "አንቺም ከአፉ ከሰማሽው ይበቃሻል። ሁለተኛ አናንሳው።" ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ምን እንዳደረገች አላውቅም። አባቴ ያን ሁለት ቀን ይቅር ሲሏት ይዋሉ ወይ ሲወቅሷት አላውቅም። ዜማቸው በሙሉ አለኝ። ደቀ መዛሙርታቸው እየመጡ በፍላሽ ይወስዳሉ፣ ይመርቁኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ያን ሁሉ ዜማ ስለ እናቴ በተነገረች በአንዲት ቃል እለውጠው ነበር።

አክስቴ በሕይወት አለች። እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት ግዝቱን ጥሳ ትነግረኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የአባቴን ቃል እንዳልሰማሁት ታውቃለች፤ ለምን እንዳልሰማሁትም ትጠይቀኛለች። በጣም አርጅታለች። ሳልጠይቃት ብትሞትብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ አልጨክንም።

በየበዓሉ እደውልላታለሁ። ሁልጊዜ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ "ወንድሜማ ይቅር ብሎ ሄደ፣ አይደለም?" ትለኛለች።

"አዎ፣ ይቅር ብለው ሄዱ" እላታለሁ።